ክንዴ እምቢ ያለኝ ክረምት

የርብ ወንዝ ሲሞላ የአባቴ ቤት ደሴት ይሆናል። ቤቱ ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ውስጥ ዝቅ ካለው በኩል ነው፤ ውኃው ሜዳውን ከሸፈነው በኋላ መንገድ የሚባል ነገር አይቀርም። እኔ ወረታ ከተማ በርና መስኮት የምሠራ አናጢ ነኝ። ከልጅነቴ ዋና ስለማውቅ ግን በየክረምቱ ሥራዬን ጥዬ እወርድና ከብቶቹን፣ ጎን ጎናቸው እየዋኘሁ፣ ወደ ደረቁ አሻግራለሁ።

ትከሻዬ የተጎዳውም እዚያው ነው። ቀደም ብሎ ክንዴን ወደ ፊት ወርውሬ ውኃውን ስስብ ይወጋኝ ነበር፤ ብርድ ነው ብዬ ተውኩት። አምና አንዱ በሬ መሀል ላይ ደንብሮ ገመዱን ሲመነጭቀኝ ትከሻዬ ውስጥ ጨርቅ የተቀደደ መሰለኝ። በአንድ እጄ እየቀዘፍኩ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም።

የሰፈራችን ወጌሻ ሽማግሌ ናቸው። ቅቤ ቀብተው አሹኝ፣ “አልወለቀም፤ ጅማቱ ዞሮ ነው” ብለው ክንዴን ጎተቱት። ጮህኩ። በማግሥቱ አበጠ፤ እየቆየ ደግሞ ጭራሽ ከደረቴ በላይ አልነሣ አለ። ሸሚዝ የምታለብሰኝ ባለቤቴ ሆነች። የጀመርኩትን በር ሌላ አናጢ መጥቶ ሲጨርሰው ቁጭ ብዬ አየሁ። እሱም አፍሮ ቀና ብሎ አላየኝም።

በኋላ ባሕር ዳር ሄጄ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አየችኝ። ክንዴን በየአቅጣጫው ቀስ እያለች አንቀሳቀሰችው።

“ጅማቱ ተጎድቷል” አለችኝ። “መታሸቱ ይቅርብዎ። ግን አቅፈውትም አይቀመጡ፣ ይደርቃል። ጣቶችዎን ግድግዳ ላይ እያስኬዱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከፍ ያድርጉት። ሲብስብዎ ያቁሙ።”

“ዋናስ?”

“እሱ መጨረሻ ላይ ነው።”

“ክረምት እየመጣ ነው እኮ።”

ክንዴን ቀስ ብላ ጭኔ ላይ መለሰችልኝ። 

ወንዛዬ ወደሚባለው ፍል ውኃም ወርጄ ተዘፈዘፍኩ። ሙቀቱ ሕመሙን ያለዝበዋል፤ ስወጣ ግን ክንዴ ያው ነው። ግድግዳው ላይም ጣቶቼ ዛሬ የደረሱበት ነገ አይደርሱም።

ርብ እንደገና ሞላ። በሬዎቹን አንድ ጎረቤታችን አስቀድሞ ወስዷቸው ነበር፤ ላሟ ግን ልትወልድ ስለተቃረበች አባቴ ጋ ቀርታለች። ስደርስ ውኃው በረቱን ሞልቶታል። አባቴ ከማዶ ጉብታው ላይ ቆመዋል፤ ላሟን ጎርፉ ይዟት እየሄደ ነው።

ሸሚዜን ሳላወልቅ ገባሁ። ውኃው ደረቴ ላይ ሲደርስ ክንዴን ወረወርኩ፤ አልተወረወረም።

“ተመለስ! ልጄ ተመለስ!” አባቴ ከወዲያ ይጮኻሉ።

ያ ጎረቤታችን ከኋላዬ ቀበቶዬን ይዞ ጎተተኝ። “ላሟስ ሄደች፤ አንተ እንኳ ትረፍ እንጂ!” አለኝ።

አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ እኛ ታይ ነበር። እምቧ አለች። ከዚያ ዛፎቹ መሀል ገባች፣ አላየናትም። እኔ ጭቃው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ፤ ዳር የቆሙት ዋና የማያውቁ ሰዎች መሀል፣ እንደ እነሱው።

ከሰዓት በኋላ ታንኳ ተገኝቶ አባቴን አወጣቸው። እየተንቀጠቀጡ ወርደው መጀመሪያ የያዙት ትከሻዬን ነው።

“አመመህ?”

“ላሚቱን…” ብዬ ጀመርኩ።

“ላሚቱን ተዋት። አመመህ ወይ ነው የምልህ።”

አዎ ብል ልቅሶዬ ሊመጣ ነው። ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ።

አባቴ ከዚያ ወዲህ ወረታ እኛ ጋ ናቸው። ክንዴ አሁን እስከ ጆሮዬ ይነሣል፤ መጋዝ እይዛለሁ፣ ሸሚዜንም ራሴ እለብሳለሁ። ባለሙያዋ ጥልቀት በሌለው ውኃ መንሳፈፍ ፈቅዳልኛለች። ርብን ግን እንደ ድሮው የማቋርጥ አይመስለኝም። አባቴ “ውኃው ሲሸሽ ጓያ ልዝራ፣ ወደ ቤቴ መልሰኝ” ይሉኛል። እሺ እላቸዋለሁ። የሚመጣውን ክረምት እሳቸውም አያነሡት፣ እኔም አላነሣው።