ግድግዳ የሌለው ፎቅ

አብዱልሐሊም የመርሳ ግንበኛ ነው። ጎረቤቱ በእንጨትና በጭቃ ሲሠራ እሱ የራሱን ቤት በድንጋይ ገነባ፤ መሐሉ ላይ ቆርቆሮውን የሚሸከም አንድ የጽድ ምሰሶ አቆመ። በ2013 ነሐሴ ጦርነቱ መርሳ ሲደርስ የከባድ መሣሪያ ጥይት ግቢው ውስጥ ወደቀ። ግድግዳው ወደ ውስጥ ተናደና ልጁን ኢሕሳንን ገደላት።

«የአላህ ቀደር ነው» ብሎ ቀበራት። ከዚያ ወዲያ ስለ ልጅቷ አይናገርም፤ ስለ ግድግዳው ግን ይናገር ነበር። «ቀጥኖብኝ ነው» ይላል።

በዓመቱ ሰኔ ላይ፣ በቆቦ በኩል ውጊያው ሊያገረሽ ነው የሚል ወሬ ሲበዛ፣ የአይሱዙ ሹፌሩ ስዩም በራሱ ደጅ ድንጋይ አስወርዶ ወደ አብዱልሐሊም መጣ።

«ወፍራም ግንብ ሥራልኝ» አለው። «ልጆቼን የማስጠጋበት ይኑረኝ።»

«ምን ያህል ይወፍርልህ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ነገ ከግራና ከተማ ሽንኩርት ጭኜ አዲስ አበባ ገቢ ነኝ። የእህቴ ልጅ ሊያ በዚያ በንግድ ባንኩ ፎቅ ላይ መሐንዲስ ናት። ያን ሁሉ የተሸከመውን ግድግዳ ለካና የኔን በዚያ ልክ ሥራው።»

«ሥሩ አሥር ክንድ ሳይወፍር አይቀርም» አለ አብዱልሐሊም፣ የምሩን። ሜትሩን ኪሱ ከቶ አብሮት ሄደ።

ፎቁ ሥር ሲደርሱ አንገቱን አቅንቶ ጫፉን ፈለገ። ከዚያ ዝቅ ብሎ የግድግዳውን መጀመሪያ ፈለገ፤ ያገኘው መስታወት ነው። በጣቱ አንኳኳው።

«ሰውዬ፣ ሰብረህ ታስከፍለናለህ» አለ ስዩም።

«ልጄ፣ ግድግዳው የታለ?» አላት አብዱልሐሊም፣ ልትቀበላቸው የወጣችውን ሊያን።

«ይኸው እሱ ነው፣ ጋሼ።»

«ይሄማ መስኮት ነው። የሚሸከመውን ነው የምልሽ።»

ሊያ አልሳቀችም። ይዛቸው ወደ ውስጥ ገባች፤ ሊፍቶቹ የሚወጡበት መሐል ላይ ደርሳ የአርማታውን ግንብ በመዳፏ መታች። «የሕንፃው ወገብ ይሄ ነው። ከታች እስከ ላይ አንድ ሆኖ ይወጣል። ክብደቱን እሱና ዓምዶቹ ይሸከሙታል፤ ነፋስ ሲገፋውም፣ መሬት ሲነቃነቅም የሚይዘው እሱ ነው። የውጭው ልብሱ ነው፤ ቢረግፍ እንኳ ሕንፃው ይቆማል።»

አብዱልሐሊም እጁን አርማታው ላይ አሳረፈ። «እንደ ምሰሶ» አለ።

«አዎ፣ እንደ ምሰሶ።»

«ክፉ ነገር ቢመጣ ሰው የት ይሁን ትላላችሁ?»

«መሐል። ከውጭው ግድግዳ ይራቅ ነው የምንለው።»

እጁን አነሳ። ስዩም ሊፍቱን ጠርቶ «ና፣ ከላይ መርሳን እናሳይህ» ሲለው አልሰማውም። ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሊያ ውኃ አመጣችለት፤ ይዞት ቀረ እንጂ አልጠጣውም።

በማግስቱ የመልስ ጉዞ ጀመሩ። ውጫሌን ካለፉ በኋላ፣ «ያን ድንጋይ መልሰው» አለ አብዱልሐሊም።

«ምን ሆንክ? ልጆቹንስ የት ላስጠጋቸው?»

«የምታስጠጋበትን አላውቅም። ከግድግዳ ሥር ግን አይሆንም።» ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳደረገ ቀጠለ። «ኢሕሳን ምሰሶውን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ‹ተነሽ፣ ግንቡ ይሻላል› አልኳት። እምቢ አለች። ጣቷን አንድ በአንድ አላቅቄ ግድግዳው ጥግ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ምሰሶው እስከ ዛሬ እንደቆመ ነው፣ ስዩም።»

ስዩም መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ። «ለይላ ታውቃለች?» አለ።

ለይላ የአብዱልሐሊም ሚስት ናት።

«ምሰሶው ይሻላት እንደነበር እኔም ያወቅሁት ትናንት ነው።»

መርሳ ሲገቡ ለይላ በር ላይ ጠበቀችው። «ፎቁን አየኸው?» አለችው።

«ቁጭ በይ፣ ለይላ» አላት። እሱም አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ።