ቆሞ ለዋለ እግር

ደንበኞቿ «ተርቧ» ይሏታል። ፀጉር ሠሪ ናት። ምላሷ ይናደፋል፤ እጇ ግን ወርቅ ስለሆነ ተነድፎ የሚቀር ደንበኛ የለም። ሱቋ ሁለት ወንበር፣ ሁለት መስታወትና አንድ ጩኸታም የፀጉር ማድረቂያ ካስክ አለው። ወንበሮቹ የደንበኛ ናቸው። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ሥራዋ የቁም ነው፤ ስታጥብም፣ ስትተኩስም፣ የሰው ወሬ ስትሰማም ቆማ ነው።

ሃምሳዎቹን ስትይዝ ግራ ጉልበቷ ማታ ማታ ያብጥ ጀመር። የባቷ ደም ሥሮች ገመድ መስለው ወጡ። ጥፋቷ ይህን ለታላቅ እህቷ መንገሯ ነበር።

ታላቅ እህቷ ዕድሜዋን ሙሉ ቢሮ ተቀምጣ ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ጡረታ በወጣች በዓመቱ የሰፈሩ የሩጫ ቡድን ውስጥ ገባችና ክብደቷ ቀነሰ፣ ደም ግፊቷም ወረደላት። ከዚያ ወዲህ ለዓለም በሽታ ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ሆነ። ጥርሱን ያመመው ሰው ብታገኝ እንኳ «ሩጥ» ከማለት አትመለስም።

«አንቺ የጎደለሽ እንቅስቃሴ ነው» አለቻት።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው።»

«መቆም ስፖርት ነው እንዴ? በይ ተይኝ! ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ እወስድሻለሁ።»

ወሰደቻት። የሩጫ ጫማ እንኳ ራሷ መርጣ ነው የገዛችላት፤ ለዚያውም ቀለሙ ለዓይን የሚያስጠላ። ቡድኑን የሚያሠራው ወጣት ፊሽካ ከአፉ የማይለይ ነው፤ ሲያወጣውም ለመጮህ ብቻ ነው። ተርቧ ሜዳውን አንዴ ዞራ ጉልበቷን ይዛ ስትቆም ከኋላዋ ደረሰ።

«እናቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«አመመኝ።»

«ህመም የስንፍና ሰበብ ነው! በርቺ!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። እህቷም ሳቅ እያለች «በርቺ እንጂ!» አለች። ሰነፍ! ጎህ ሲቀድ ሱቅ የምትከፍተውን ሴት ሰነፍ አላት! ደሟ ፈላ። ከእልህ ብዛት እያነከሰች ሮጠች። ሁለተኛውን ዙር ሳትጨርስ ጉልበቷ ከዳት፤ ሜዳው ላይ ተቀመጠች።

በማግሥቱ ጉልበቷ ዳቦ አክሎ አደረ። ሱቅ አይዘጋምና በፋሻ አስራ፣ ጥርሷን ነክሳ ስትሠራ ዋለች። ማምሻውን እህቷ ብቅ ብላ ፋሻውን አየችው።

«ገና ስላልለመድሽ ነው። ካሁኑ ካቆምሽ ደግሞ ያው ነሽ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው!» ብላ ወጣች።

ተርቧ ማበጠሪያዋን ግድግዳው ላይ ወረወረችው።

ሐኪም ቤት የሄደችው በእልህ ነው፤ እህቷን አፍ የሚያስይዝ ነገር ፍለጋ። ሐኪሟ ጉልበቷን አገላብጣ ካየች በኋላ «ቀኑን እንዴት ነው የሚውሉት?» ብላ ጠየቀቻት።

ተርቧ መልስ ከመስጠት ይልቅ ተቆጣች። «ይሄንን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው አለ? ሁሉም ሩጪ፣ ዝለይ፣ በርቺ ነው! እህቴ እንኳ አልጠየቀችኝም!»

ሐኪሟ ንዴቱ እስኪወጣላት ጠበቀች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳቻት። ሩጫ ክፉ ነገር አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ክብደት ተሸክሞ ለሚውል፣ ለታመመ ጉልበት ግን ዱላ ነው። የሚያስፈልጋት ጉልበቱን ሳያስጨንቅ ዙሪያውን ያለውን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ነው። ብስክሌት ይሆናል፣ ተኝቶ እግር ማንሳት ይሆናል፣ ዋና ይሆናል።

«ከነዚህ ውስጥ የሚወዱትን ራስዎ ይምረጡ» አለቻት። «የሚጠሉትን ነገር ብዙ አይቆዩበትም።»

ብስክሌቱን ሞከረችው። ስፖርት ቤት ውስጥ ከግድግዳ ጋር ተፋጦ የሚነዳ፣ የትም የማይሄድ ብስክሌት ነው። «ተነድቶ ተነድቶ እዚያው! የኔ ሕይወት አነሰኝ?» ብላ ተወችው። ቤቷ ተኝታ እግር ማንሳቱንም ጀመረች፤ ጀርባዋ ወለል ሲነካ እንቅልፍ ይወስዳታል።

የቀረው ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ ትፈራለች። ቢሆንም ለሴቶች ብቻ በተመደበው ሰዓት ወደ ሰፈሩ መዋኛ ሄደች። የዋና ልብሱ ሲጠብባት፣ ደም ሥሩ የወጣ ባቷ ለሰው ሲታይ አፈረች፤ ማፈሯ ደግሞ አናደዳት። ጥግ ላይ ሁለት ኮረዶች ሲንሾካሾኩ አየቻቸው።

«ምን አያችሁ? የቆመ ሰው እግር ነው! እናንተም ትደርሱበታላችሁ!» ስትል ልጆቹ ተጋፍተው ውሃው ውስጥ ገቡ።

አስተማሪዋ ድምፀ ጎርናና ወፍራም ሴትዮ ናት። ገንዳው ጠርዝ ላይ የብረቱን ዘንግ አስያዘቻትና «እግርሽን ልቀቂና ርገጪ» አለቻት።

ረገጠች። ፊሽካውን ረገጠችው፣ «በርቺ»ውን ረገጠችው፣ ያንን አስቀያሚ ጫማ ረገጠችው። ውሃው ወደ አፏ ገባ፣ ሳለች፣ ተሳደበች፣ ደግማ ረገጠች። ሲደክማት ዝም ብላ ተንጠለጠለች። ያን ጊዜ ነው የገባት። እግሯ የለም። ማለት አለ፣ ግን ምንም አልተሸከመም። ከስንት ዘመን በኋላ እግሯ ሰው ከመሸከም አረፈ። እንባዋ መጣ፤ ደግነቱ ፊቷ እርጥብ ነበር።

እህቷ ወሬውን ስትሰማ ሱቅ ድረስ መጣች። ደንበኛ ሞልቷል።

«ውሃ ውስጥ መንቦራጨቅ ጀመርሽ አሉ። ይሄ ስፖርት ነው?»

ተርቧ ካስኩን አጠፋች።

«እትዬ፣ የተማርኩትን ሙያ አንቺ መረጥሽ። የተከራየሁትን ቤት አንቺ መረጥሽ። እሺ ብያለሁ፣ ታላቄ ነሽ። እግሬን ግን አትመርጪልኝም! አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ተቀምጠሽ ሠራሽ፤ ሩጫው ላንቺ መድኃኒት ነው፣ ሩጪ፣ ያኑርሽ። እኔ ቆሜ ነው የኖርኩት። ስታስሮጪኝ ቆሜ የዋልኩትን ነው ያስደገምሽኝ!»

እህቷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ ለወራትም አልተመለሰችም።

ተርቧ ዋናዋን አላቋረጠችም። አሁን ገንዳውን ከጫፍ ጫፍ ታቋርጣለች፤ ዋናዋ ላየው ሰው ግን አያምርም፣ አስተማሪዋም ይህን አልሸሸገቻትም። ጉልበቷ ማታ ማታ ማበጡን ተወ፤ ደረጃ ስትወጣ ግን አሁንም ያጉረመርማል። ሱቅ ውስጥም አንድ ሦስተኛ ወንበር አስገብታለች። እሱ ላይ ደንበኛ ከተቀመጠ ወዮለት።

አንድ ቀን እህቷ ፀጉሯን ልትሠራ መጣች። ሰላምታ እንጂ ይቅርታ አልተባባሉም። ተርቧ ስታበጥራት ከሚገባው በላይ ሳበች፤ እህቷም ቻለችው። ሊያልቅ ሲል ብቻ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት።

«ውሃው ይበርዳል?»

«መጀመሪያ ሲገቡ ይበርዳል» አለች ተርቧ፣ ንዴቷ ገና ከድምፅዋ ሳይወጣ። «ራስሽን ቀና አድርጊ።»