አባባ ተኝተዋል

ቅዳሜ ዕለት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ አያቴ ተኝተው ሳሉ፣ ከራሳቸው በላይ ይዞር የነበረው ማራገቢያ ማንም ሳይነካው ቆመ። ያቆመው ዓርብ ማታ እኔ የሠራሁት ነገር ነበር። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ገበያ ላይ ሽንኩርት እየመረጥሁ ነበር።

ወሩ ሚያዝያ ነው። በእኛ በሸሕዲ ሚያዝያ ላይ ረፋዱ ካለፈ በኋላ ግድ ካልሆነበት በቀር ከጥላ የሚወጣ የለም፤ ውሾቹ ሳይቀሩ ከቆሙት የጭነት መኪናዎች ሥር ገብተው ይተኛሉ። እናቴና አባቴ ኮኪት እርሻው ላይ ስለሚሰነብቱ ቤቱ የእኔና የአያቴ ነው። እኔ ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሙያ ማሠልጠኛው ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ስለዚህ ሙቀቱ በሚበረታበት ሰዓት አያቴ ብቻቸውን ናቸው።

እዚህ መብራት ላይ ተስፋ ጥሎ መቀመጥ አይቻልም፤ የእኛ ማራገቢያ የሚዞረው ፀሐይ በሚሞላው ባትሪ ነው። አያቴ ደግሞ ባትሪውን ሩቅ መንገድ እንደሚሄድ ሰው ውሃ ይቆጥቡታል። “ለማታው አምፖል ይቆይ” ይሉና ያጠፉታል። አንዳንዴ ደግሞ አብርተውት ደጅ ይወጡና ባዶ ክፍል ሲያናፍስ ይውላል። ባለፈው ዓመት በዚሁ ወር ማራገቢያውን አጥፍተው ተኝተው፣ ሲነሡ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ከዚያ ወዲህ ጎንደር የምትኖረው አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እኅት፣ በደወለች ቁጥር የምታነሣው አንድ ነገር ነው፤ አባቷን ወደ ደጋ መውሰድ።

አያቴ መሄድ አይፈልጉም። በወጣትነታቸው ከደጋ ወርደው ምድረ በዳውን መንጥረው ሰሊጥ ያበቀሉበት አገር ይህ ነው። ከሰዓት በኋላ በራችን ላይ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ከሱቅ ነጋዴው ጎረቤታችን ጋር ይቀመጡና የሚያልፈው መኪና ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደጫነ ይከራከራሉ። አንድ ጊዜ ጎንደር ከርመው ሲመለሱ የነገሩኝ፣ ቀኑን ሙሉ ጋቢ ተከናንበው መስኮት ሲያዩ መዋላቸውን ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ትንሿን ኮምፒውተር ከሻንጣዬ ያወጣኋት። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለመመረቂያ ሥራዬ የተጠቀምሁባት ናት። ከመዳፌ አትበልጥም፤ ስክሪንም ሆነ የፊደል ገበታ የላትም፤ ስታያት ከተሰበረ ሬዲዮ ውስጥ የወጣች ቦርድ ትመስላለች። ግን ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓት ተጭኖባት እንደ ማንኛውም ኮምፒውተር ትሠራለች፣ ባትሪም ብዙ አትበላም። የቤት ዕቃ የሚቆጣጠር ነፃ ሶፍትዌር ጫንሁባትና ማራገቢያውን ከእርሷ ጋር አገናኘሁት። ኢንተርኔት ቢቋረጥም ግድ የላትም፤ በቤቱ ዋይፋይ በኩል ስልኬ ላይ ሁሉንም ታሳየኛለች። ግድግዳው ላይ ሙቀት የሚለካና እንቅስቃሴ የሚያይ ሴንሰር ሰቀልሁ። የሰጠኋት ትእዛዝ ቀላል ነበር፤ ክፍሉ ከሞቀና የሚንቀሳቀስ ሰው ካለ አብሪ፣ ለአሥር ደቂቃ የሚንቀሳቀስ ከሌለ አጥፊ።

ዓርብ ማታ ደጋግሜ ፈተንኋት። ገባሁ፣ ወጣሁ፣ እጄን አወዛወዝሁ። አንዴም አልሳተችም። አያቴ ከበሩ ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆይተው፣ “ልትዳሪ እንደሆነ ንገሪን እንጂ ብቻሽን አትጨፍሪ” አሉኝ።

የረሳሁት ነገር ቢኖር እኛን ራሳችንን ነው። የቆላ ሰው ቀን ሲተኛ አይገላበጥም። መገላበጥ ራሱ እንደሚያሞቅ ከልጅነታችን እናውቀዋለን፤ እጅና እግራችንን ዘርግተን እንደ ወደቀ ግንድ ነው የምንተኛው። ሴንሰሬ ደግሞ ያልተንቀሳቀሰ ሰውን የሌለ ሰው ነው የሚለው።

ከገበያ ስመለስ አክስቴን ከአያቴ ራስጌ አገኘኋት። ሳትነግረን ከጎንደር መጥታ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ በካርቶን ቁራጭ ታናፍሳቸዋለች። ሸሚዛቸው ከደረታቸው ላይ ተጣብቋል። ነቅተዋል፤ ፈገግም ይላሉ፤ ፊታቸው ግን ቀልቷል። ማራገቢያው ጸጥ ብሎ ከላይ ያየናል።

“ተኝተው ሳሉ ጠፋባቸው” አለችኝ። “ኮምፒውተርሽ እንደሆነ ነገሩኝ።”

ፌስታሉ ከእጄ አምልጦ ሽንኩርቱ ወለሉ ላይ ተበተነ። አክስቴ ለጎረቤቱ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ነገ ጠዋት አባቷን ይዛ እንደምትወጣ፣ ሚኒባሱ አንድ ሰዓት ላይ እንደሚነሣ፣ ልብሳቸውን እንዳዘጋጅ ተናገረች።  አያቴ ከልጃቸው ጋር መሟገት ከፀሐይ ጋር እንደ መሟገት ነው ይላሉ። ወደ ኒሙ አዩ።

እኔ ሰው ፊት ብዙ የምናገር አይደለሁም፤ አክስቴ ፊት ደግሞ ጭራሽ። አጎንብሼ ሽንኩርቴን መልቀም ጀመርሁ። እርሷ ደክሟት ኖሮ ከአያቴ እግር በኩል ቁጭ አለች። የአያቴ አልጋ ከመተማ ዮሐንስ የመጣ አንገረብ ነው፤ በአራት እግር ላይ የቆመ የእንጨት ክፈፍ፣ ውስጡ በገመድ የተጠለፈ። “ይኸ ደግሞ እንደ ሳፋ ጎድጉዷል” ብላ ተማረረች። በዚያች ቅጽበት እኔ አንድ ሽንኩርት ፍለጋ ከአልጋው ሥር ነበርሁ። ገመዱ ከላዬ ሲወርድ አየሁት። ስትነሣ ደግሞ ተመልሶ ወጣ።

ከአልጋው ሥር ሳልወጣ፣ “እታለም፣ እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ ስጪኝ” አልሁ።

ጎንበስ ብላ አየችኝ። ከአልጋ ሥር ሰው ሲለምናት የመጀመሪያዋ ይመስለኛል።

“አሁንም ቢጠፋስ?” አለችኝ።

“ከጠፋ ልብሳቸውን እኔው አዘጋጃለሁ።”

ለበር ብዬ የገዛኋት አንዲት ሴንሰር ነበረችኝ። ሁለት ቁራጭ ናት፤ አንደኛዋ ማግኔት ናት። ሲቀራረቡ በሩ ተዘግቷል ትላለች፣ ሲራራቁ ተከፍቷል። ማግኔቷን ከገመዱ መካከል ላይ አሰርኋት። ሌላዋን ከሥር በአልጋው እግሮች መካከል በጋደምሁት ጣውላ ላይ ለጠፍኋት። ሰው ሲተኛ ገመዱ ይረግባል፣ ማግኔቷ ወርዳ ከታችኛዋ ትቀርባለች፤ ቢንቀሳቀስም ባይንቀሳቀስም። የድሮውን ትእዛዝም በአዲስ ተካሁት፤ አልጋው ላይ ሰው ካለ አብሪ፣ ከሌለ አጥፊ። ጣውላውን ከፍ ዝቅ እያደረግሁ ልኩን እስካገኝ አያቴ ሲተኙ ሲነሡ ዋሉ። አልሰለቹም። እንዲያውም እያየሁ ሳይሆን ሳላይ እየተነሡ ሊያታልሉኝ ሞከሩ። ስልኬ ላይ በተኙ ቁጥር “በሩ ተዘግቷል” ስለሚል፣ ስሙን አጥፍቼ “አባባ ተኝተዋል” ብዬ ጻፍሁበት።

አክስቴ ውሃ ጠጥታ ስትመለስ አባቴ ያስቀመጠላትን ሰሊጥ ከነጆንያው ጎትታ አልጋው ላይ ጣለችው። ማራገቢያው ወዲያው መዞር ጀመረ። ሦስታችንም ቀና ብለን አየነው።

“ሰሊጡም ሞቆታል ማለት ነው?” አለች አክስቴ።

“የዚህ አገር ማራገቢያ አይደል” አሉ አያቴ። “ሰሊጥ ያከብራል።”

ሳቀች፤ ግን አልተሸነፈችም። አያቴ ነቅተው ሲተኙ ማራገቢያው ቢዞር ምንም እንደማያረጋግጥ፣ ዋናው እንቅልፍ የወሰደው ሰው ላይ አለመጥፋቱ እንደሆነ ነገረችን። እውነቷን ነው። አያቴ ደግሞ የቀኑን እንቅልፋቸውን ጨርሰዋል፤ በትእዛዝ አይተኙም። በመጨረሻ ጆንያውን አውርዳ ራሷ ጋደም አለች። ሳትንቀሳቀስ ዓይኗን ከማራገቢያው ላይ ሳትነቅል እንደምትጠብቀው፣ አሥር ደቂቃ አልፎ ቢጠፋ እንደምትጠራኝ አስጠነቀቀችኝ።

እኔና አያቴ ከኒሙ ሥር ተቀመጥን። ስልኬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ዓይኔን አልነቅልም። አሥሩ ደቂቃ አለፈ። ከውስጥ ድምፅ የለም። ጎረቤታችን መጡ፣ መኪናዎች አለፉ፣ ከገለጉ ነው ከኮኪት ነው ተባባሉ። አያቴ ጎንበስ ብለው ስልኬን አነበቡ።

“አባባ ተኝተዋል” አሉ። ከዚያ ወደ ክፍሉ በር አዩ። “እኔ እዚያ ከተኛሁ እዚህ የተቀመጠው ማነው?”

ከውስጥ ለስለስ ያለ ማንኮራፋት ተሰማ። ሦስታችንም አፋችንን ያዝን።

አክስቴ የወጣችው ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነው። ጉንጯ ላይ የገመዱ ጥልፍ ታትሟል።

“ጠፍቶ ነበር?” አለችኝ።

“አልጠፋም” አልኋት። ስልኬን ሰጠኋት፤ ከተኛችበት ጊዜ ጀምሮ ማራገቢያው ሳያቋርጥ መዞሩን የሚያሳየውን መስመር እያየች ቆየች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ፣ “ክረምቱ እስኪገባ እዚሁ ይቆዩ” አለቻቸው። “እኔም እየመጣሁ አያለሁ።” ማታ ሁላችንም እንደ ልማዳችን ግቢ ውስጥ ስንተኛ፣ እርሷ ግን ትንኝ አልወድም ብላ እዚያው ከማራገቢያው ሥር አደረች።

በማግስቱ ጠዋት ሰሊጧን ተሸክሜ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ሚኒባሱ ሲነሣ በመስኮት ብቅ ብላ፣ ያን አልጋ ለማንም እንዳንሰጥባት አዘዘችኝ። ቤት ስመለስ አያቴ ደጅ ቆመው ሻይ ይጠጣሉ። ከክፍሉ ግን የማራገቢያ ድምፅ ይሰማል። ስልኬን አየሁ፤ አባባ ተኝተዋል ይላል። አልጋው ባዶ ነው።

ከሥሩ ገብቼ ሳይ ነገሩ ገባኝ። ገመዱ ከአክስቴ በኋላ ተመልሶ አልወጣም። ለአያቴ ስነግራቸው ሳቃቸው ሻዩን አስደፋቸው። ብርጭቆውን አስቀምጠው ገቡና ገመዱን ከጫፉ ፈቱት። እርሳቸው ከራስጌ፣ እኔ ከግርጌ እግራችንን ከእንጨቱ ላይ ተክለን፣ ጥልፉን አንድ በአንድ እየሳብን አጠበቅነው። የመጨረሻውን ቋጠሮ ሳስር ማራገቢያው ቀስ እያለ ቆመ።