ጅራፍ በጥር

ፋሲካ ይሻው ደብረ ታቦር ላይ ስልክ በመጠገን ትታወቃለች። የተሰበረ ስልክ ይዞ የመጣን ሰው «ነገ ና» ብላ አታውቅም፤ እዚያው እያየ ጨርሳ ትሰጠዋለች። ጀምራ ያልጨረሰችው ነገር ቢኖር የኮምፒዩተር ጌም ብቻ ነው። በሁለት ቀን ጌም ሠርቶ የማስረከብ ውድድር ሁለት ጊዜ ገብታ ሁለቱንም ጊዜ መንገድ ላይ ቀርታለች። ዘንድሮም ካልጨረስኩ ላፕቶፑን ሸጬ ዶሮ አረባለሁ ብላ ምላለች።

የጌሙ ሐሳብ ቀላል ነው። የቡሄ ልጅ ጅራፍ ይዞ ጅቦችን ይገጥማል፤ ሦስት ምት ሳያቋርጥ ካከታተለ አራተኛው መንጋውን በሙሉ ያባርራል። ጓደኛዋ ቢላል ሥዕሉን ቅዳሜ ላከላት፤ ምቶቹም ተያያዙላት። የቀረው ድምፅ ነው። ያለ ድምፅ ጅቡን መምታት ጭድ እንደ መምታት ነው፤ ከሌላ የተወሰደ ድምፅ ደግሞ ውድድሩ አይፈቅድም። ጊዜዋ እሑድ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ያበቃል።

ከቅዳሴ መልስ አባቷን ያዘቻቸው።

«አባባ፣ ጅራፉን አውርዱልኝ። ሦስቴ ብቻ አጩሁልኝ።»

«በጥር ጅራፍ! ይሻው ለየለት ልታሰኚኝ ነው?»

ለምና፣ አኩርፋ አስወጣቻቸው። አቶ ይሻው ከቤቱ ጀርባ ሜዳው ላይ ቆመው፣ ጅራፉን ከራሳቸው በላይ አዙረው ቢያጮሁት ሰፈሩ ተናጋ። ፋሲካ ድምፁን ለመቅዳት ስልኳን እንደዘረጋች በደስታ ልትዘል ስትል፦

«እንደምን ዋላችሁ!»

ጎረቤታቸው አያ ወርቁ ናቸው። ሰላምታ ደግሞ አይዘለልም። ከብቶቹ ደኅና ናቸው ወይ፣ ገብሱ ተወቃ ወይ፣ ሐሙሲት ያለችው እህት ተሻላት ወይ። አቶ ይሻው ለሁሉም በየተራ «እግዚአብሔር ይመስገን» እያሉ መለሱ። ሁለተኛው ጩኸት ሌላ ጎረቤት አስወጣ፤ ሦስተኛው ሁለት። እያንዳንዱ ሰላምታውን ከሥሩ ይጀምራል። ቀጥሎ በወጣትነታቸው የማን ጅራፍ ይበልጥ ይጮህ እንደነበር ክርክር ተነሣ፤ ሽማግሎቹ ተራ ያዙ። እሷ የምትፈልገው ከጩኸቱ በኋላ ሦስት ሰከንድ ጸጥታ ነበር። ሦስት ሰከንድ! እነሱ ዝም ሲሉላት ደግሞ ቢላል «የታለ ድምፁ?» ብሎ ይደውልና ቅጂውን ያቋርጠዋል።

አሥር ሰዓት ሆነ። አቶ ይሻው ትከሻቸውን እያሹ ለመጨረሻ ጊዜ አጮሁት። ጥርት ያለ ነበር። አንድ፣ ሁለት…

«ይበል! አሁንም አለህ፣ ይሻው!» አሉ አያ ወርቁ።

«ኧረ አፍዎን ይዝጉልኝ!» ብላ ጮኸችባቸው።

ሜዳው ጭጭ አለ። አያ ወርቁ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤታቸው ገቡ። አቶ ይሻው ጅራፉን ጣሉት።

«ሂጂ፤ እግራቸው ላይ ወድቀሽ ይቅርታ ጠይቂ። አሁኑኑ!»

ድምፁን ትታም ቢሆን ጌሙን ለመላክ አንድ ሰዓት ይበቃት ነበር። ግን አባቷን እንዴት እንቢ ትበል? ሄዳ የአያ ወርቁን ጉልበት ሳመች። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሏት። ብድግ ስትል ሚስታቸው እትዬ ጌጤ መሶቡን አቀረቡ። ታርቀው ሳይቀምሱ መሄድ አልታረቅኩም ማለት ነው፤ ተቀመጠች። ጠላ ተቀዳ፤ ወሬ መጣ፤ እንደገና ተቀዳ። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ደጋግሞ ተንቀጠቀጠና በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ዝም አለ። አሥራ ሁለት ሰዓት አለፈ። በንዴት ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

አያ ወርቁ አንጀታቸው ተንሰፈሰፈ።

«ለመሆኑ እንዲያ ያስቸኮለሽ ምን ነበር፣ ልጄ?»

«ጌም ነው፣ አያ ወርቁ። የኮምፒዩተር ጨዋታ።»

«ጨዋታ!» አሉና ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ። «ለጨዋታ ደሞ ማን ይቸኩላል?»

ልትመልስላቸው አፏን ስትከፍት አጎረሷት።