የኤዶ ዓሦች ለግጦሽ የወጡ ዕለት

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የተወለድኩትን ሰውዬ የመንግሥት ሥራ ሶማሌ ክልል፣ ኤረር ጣለኝ። እናቴ ዓሣ እየጠበሰች ነው ያሳደገችን። ከሞተች ወዲህ የመጥበሻዋ ሽታ በህልሜ እየመጣ አላስተኛኝ አለ። ኤረር ደግሞ ፍየል እንጂ ዓሣ የለም። ሁኔታዬን ያየ የጎረቤት ድመት እንኳ ያዝንልኝ ነበር።

ያከራዩኝን አሮጊት ሶማሌ እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው “ኤዶ” እላቸዋለሁ፤ አክስቴ እንደማለት ነው። መስኖው ቦይ አጠገብ ፍየሎችና የፓፓያና የሎሚ ቦታ አላቸው። እዚያ ኩሬ ቆፍረን ዓሣ እናርባ አልኳቸው።

“ይታለባል?”

“አይታለብም፣ ኤዶ።”

“ታዲያ ምን ያደርጋል?”

“ይበላል።”

“ያውም አንተ ብቻ” አሉና ፈቀዱ።

የዓሣ ጫጩቶቹን ከሐዋሳ በጀሪካን፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ አመጣሁ። መኖ ልግዛ ስል ግን ኤዶ ከለከሉኝ። “ከሱቅ የበላ ከብት ሥጋው ሱቅ ሱቅ ይላል።” የፍየል በጠጥ በጆንያ ቋጥረው ውኃው ውስጥ ነከሩ። ውኃው አረንጓዴ ሆነ፤ ዓሦቹም ያንን አረንጓዴ፣ ምስጥና የወደቀ ፓፓያ እየበሉ ወፈሩ። የመዥገር መድኃኒት የተረጨ ፍየል በጠጡ ኩሬው አጠገብ አይደርስም። የኩሬው ውኃ ሎሚውን ያጠጣል። ዓሦቹ ክንዴን አከሉ። እሺ፣ መዳፌን።

ልበላቸው ስዘጋጅ ወደ ጅጅጋ የመዛወሪያ ደብዳቤ መጣ። በማግስቱ ሥራ አስረክቤ፣ ዘይት ገዝቼ፣ ዝናብ እየደበደበኝ ስመለስ የኩሬው መውጫ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውኃው ወደ ቦዩ ይነጉዳል።

“ዝናብ ጥሎ ከብት የሚዘጋ ምን ዓይነት ሰው ነው?” አሉ ኤዶ። “ለግጦሽ ለቀቅኳቸው። ሲመሽ ይመጣሉ።”

“ኤዶ፣ ዓሣ አይመለስም።”

“ቤቱን ያውቃል። በእጄ ነው ያበላሁት።”

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መውጫው ላይ ተቀምጠው፣ ፓፓያ ቆርሰው ይዘው፣ ፍየል እንደሚጠሩ በምላሳቸው ይጠሯቸው ጀመር። በሁሉ ነገር የምቀልደው ሰውዬ ዘይቴን ታቅፌ አጠገባቸው ቦዩን መጠበቅ ጀመርኩ። አንድም አልመጣም።

በመጨረሻ ጭቃው ውስጥ ገብተው የቀረ አንድ አገኙ። “ይሄ ሰነፍ ነው። የሰነፍ ሥጋ ለስላሳ ነው፣ ብላ።”

በሎሚያቸው አሽቼ ጠበስኩት። እሳቸው ዓሣ አይነኩም፤ ግን ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እያንዳንዷን ጉርሻ ተከታተሉ።

“ምን ምን ይላል?”

“እናቴን እናቴን ይላል” አልኳቸው። የቀረውን ሎሚ ወደ እኔ ገፉት።

አንድ ናፍቆት ልገላገል ብዬ ሁለት አደረግኩት። ጅጅጋ በበረዶ የመጣ ዓሣ ይሸጣል፤ በበላሁ ቁጥር የሚናፍቀኝ ያ ሰነፍ ነው። ኤዶ በሕይወት ሳሉ ዝናብ በጣለ ቁጥር እደውልላቸው ነበር።

“ኤዶ፣ መጡ?”

“ገና ናቸው” ይሉኝ ነበር። “መውጫውን አልዘጋሁትም። ግጦሹ ተመችቷቸው ይሆናል።”