አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ ያለው ጃኬት

እሁድ እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ልብስ ሰፊዋ መጋረጃዋን ትዘጋለች። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ከመሪ የሚላቀቀው በዚህ ቀን ብቻ ስለሆነ ካልሲውን አውልቆ ሶፋው ጥግ ላይ ይሰየማል። እሷ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ጎን ላይ ትሰካና ድምፁን ከፍ ታደርጋለች። ያኔ ለዚያች ሁለት ክፍል ቤት አበቃላት። ጊታሩ ያጓራል፣ ከበሮው ግድግዳውን ይጠልዛል፣ ቡፌው ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች ብርድ እንደመታው ሰው ይንቀጫቀጫሉ።

የሀርድ ሮክ ባንድ ኮንሰርት ነው። ጸጉራቸው ትከሻቸውን አልፎ የወረደ አምስት ጎልማሶች የዛሬ ዓመት በከተማው ስታዲየም ሲጫወቱ የተቀረጸ። ልብስ ሰፊዋ ከሚዘፍኑበት ቋንቋ አንዲት ቃል አታውቅም፤ ዘፋኙ መቼ እንደሚንበረከክ፣ ከበሮ መቺው ዱላውን መቼ ወደ ሕዝቡ እንደሚወረውር ግን በቃሏ ይዛዋለች። የዘፋኙን ሱሪ ባየች ቁጥር፣ ከጉልበት በታች እንዲህ አጥብቦ የሰፋለት ሰው ጠላቱ መሆን አለበት ትላለች። ባሏም ቀልዱን ዛሬ ገና እንደሰማ ሰው ፈገግ ይላል።

የምትጠብቀው አርባ አንደኛውን ደቂቃ ነው። ካሜራው ከሕዝቡ ኋላ ይነሳና በባሕር ላይ እንደሚያንዣብብ ወፍ ዝቅ ይላል። አንድ ወጣት፣ ሰው ትከሻ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ከጀርባው ይታያል። ስድስት ሰከንድ ብቻ። ፊቱ አይታይም፤ የሚታየው ጃኬቱ ነው። ጥቁር ጂንስ፣ ጀርባው ብቻ ግራጫ። ያን ግራጫ የሰፋችው እሷ ናት። ልጇ ሥራ ቦታ ሚስማር ቀዶበት ሲመጣ፣ ከፋብሪካ በተረፈ ቁራጭ ጨርቅ ጀርባውን እንዳለ ቀየረችለት። ግራ ትከሻው ላይ መርፌው ሸሽቷት ስለነበር ስፌቱን ደርባ መልሳዋለች። ያ ድርብ ስፌት የመድረኩ ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ጠባሳ ብልጭ ይላል።

«ይኸው» ትላለች፣ ፊልሙን አቁማ። «አየኸው?»

ባሏ አንድም ቀን እሱ ነው ብሎ አያውቅም። «አዎ፣ ጃኬቱ ነው» ብሎ ዝም ይላል። እሷ ዝምታውን ከሐዘኑ ቆጥራለት ነበር።

ልጃቸው ቀለም ቀቢ ነበር። ኮንሰርቱ በተደረገ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ በአንድ አዲስ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የቆመበት መወጣጫ ከድቶት ወደቀ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር።

ሰው ከሞተ በኋላ የሚቀረው ትንሽ ነገር ነው ይባላል፤ ለእሷ የቀራት ግን የተናገረችው ቃል ነበር። የኮንሰርቱ ዕለት ከልጇ ጋር ተጣልተው ነበር። ያን ሁሉ ሕዝብ ፈርታለት ነው፤ ፍርሃቷ ግን ከአፏ ሲወጣ ቁጣ ሆነ። እሱም ትኬቱን ከገዛሁ ስንት ቀኔ ብሎ ደረቀ። በሩን ሲከፍት፣ «ያንን ጩኸት ልትሰማ ከሄድክ እናት አለችኝ እንዳትል» አለችው። በሩን ጥሎት ወጣ። ማታ ሲመለስ አኮረፈችው። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ምግቡን ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጠች ዞር ትል ነበር፤ ሲያነጋግራት ለግድግዳው ትመልሳለች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የሚኮረፍ ሰው አልነበረም።

ፍላሽ ላይ ፊልም እየጫነ የሚተዳደረው ጎረቤታቸው በኮንሰርቱ ፊልም ላይ የልጅሽን ጃኬት ያየሁ መሰለኝ ብሎ በራፏ ላይ የቆመው ይህን ቃል ተሸክማ ስትንገዳገድ ነው። ስድስቱን ሰከንድ ስታይ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿ እስከ ሆዷ ወረደ። ቃሏ አላስቀረውም። ሄዷል፤ ጨፍሯል፤ እጁን ለሰማይ ሰጥቷል። ኩርፊያዋን ቀምሶ ቢሞትም ያኮረፈችበትን ደስታ በልቶ ነው የሞተው። በዚህች እንጀራዋን ትበላ፣ በዚህች እንቅልፏን ትተኛ ጀመር።

የሥራ ልብስ በሚሰፋበት ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥራዋ አንድ ነው፤ የተቆረጠ ጀርባን ከትከሻ ማጋጠም። ከአርባ የስፌት መኪና ጫጫታ በላይ የጊታሩን ዜማ ስታንጎራጉር የሚሰሟት የሥራ ጓደኞቿ «ሮከሯ» እያሉ ይተርቧታል፤ ጸጉርሽን መቼ ነው የምትለቂው፣ ጆሮሽንስ መቼ ነው የምትበሺው ይሏታል። ትስቃለች። ብቻዋን ስትሆን ግን በዚያው በባዕድ ዜማ ላይ የራሷን ስንኝ ታስገባበታለች፦

ክሩም አለ በእጄ፣ መርፌውም አለልኝ፤
የምጠቅመው ልብስ ነው ከእጄ የጠፋብኝ።

አንድ እሁድ የልጇ ጓደኛ መጣ። ድሮ ቤት ለቤት የጋዝ ሲሊንደር እየተሸከመ ያድል ስለነበር ሰፈሩ ራሱን «ሲሊንደር» ብሎታል። ከቀብሩ ማግስት ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ነበርና ይህን ቤት ሲረግጥ ከዓመት በኋላ ነው። አቅፋ ሳመችው፤ ከሳህ ብላ ተቆጣችው፤ ሻይ ሰጥታ በእሷና በባሏ መሐል አስቀመጠችው። ከዚያም ዛሬ ጓደኛህን አሳይሃለሁ ብላ ፍላሹን አነሳች።

ሹፌሩ ያወለቀውን ካልሲ መልሶ ማጥለቅ ጀመረ። ልጁ የመንገድ ድካም አለበት፣ ዛሬ እንጫወት፣ ፊልሙ ይቆይ አለ። አልሰማችውም።

ሲሊንደር አርባውን ደቂቃ እጁን ጉልበቶቹ መሐል ቀብሮ አየ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ካሜራው ተነስቶ ዝቅ ሲል፣ ግራጫው ጀርባ ሲመጣ፣ አቆመችው።

«ደስታውን አየህልኝ?»

«አየሁት፣ ማዘር» አለ። የሚያደርገው ጠፍቶት ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጥ ጎንበስ አለ። ጀርባው ከእሷ ፊት ሆነ።

የቀኝ ትከሻው ከግራው በሁለት ጣት ዝቅ ያለ ነው። ለዓመታት ሲሊንደር የተሸከመ ትከሻ። ልብስ ሰፊዋ ጀርባውን አየች። ቀና ብላ ቴሌቪዥኑን አየች። ስፌቱ ወደ ቀኝ ተጎትቷል። የልጇ ጀርባ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነበር፤ በእሱ ልክ የሰፋችው ስፌት በእሱ ላይ እንዲህ አይጎተትም። ይህን ያህል እሁድ ስታይ የኖረችው የገዛ ክሯን ነው። ጀርባ ስታይ ያረጀችው ሴት፣ ስፌቱ የማን ጀርባ ላይ እንዳለ ሳታይ ቀርታለች።

«ተነስ እስቲ» አለችው።

ተነሳ።

«ዙርልኝ። እጅህን አንሳ።»

እጁ እስከ ደረቱ ወጣና እዚያው ቀረ። «ማዘር፣ እኔ ነኝ» አለ፣ ሳይዞር። «ትኬቱንም ጃኬቱንም ሰጠኝና አንተ ሂድልኝ አለኝ። እዚህ እንዲህ እንደሚታይ አላወቅኩም።»

«እሱስ?»

ሲሊንደር ሹፌሩን አየ። ሹፌሩ አንድ ካልሲ አጥልቆ፣ ሌላውን በእጁ እንደያዘ፣ ወለሉን ያያል።

«እኔ ጋ ነበር» አለ ሹፌሩ። «አውቶቡሱ ላይ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ቀስ እያለ፣ በየመሐሉ እያቆመ ነገራት። የዚያን ቀን ልጃቸው አሥር ሰዓት ላይ መነሻው ጋ ተሳፈረ። ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው የሚል ከተጻፈበት በታች፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሁለት ዙር ዝም ብሎ ሄደ። በሦስተኛው፣ እማዬ እንዲህ ብላኝ አታውቅም አለ። አባትየው ቤት ግባና ቀረሁልሽ በላት ብሎ መከረው። እሱ ግን፣ ከነገርኳት አሸነፍኩ ትላለች፣ ትንሽ ትናደድ፣ አንተም እንዳትነግራት አለ። አባትየው እሺ አለ። እናትና ልጅ ናቸው፣ አንዳቸው ይሸነፋሉ ብሎ አንድ ቀን ሁለት ቀን እያለ ጠበቀ። ከዚያ ያ መወጣጫ መጣ። ከዚያ ደግሞ ይህ ፊልም መጣ፤ እሷም ዳግመኛ እህል መቅመስ ጀመረች።

ፊልሙን ማን እንደለቀቀው አይታወቅም፤ ዘፋኙ ተንበርክኮ ይጮሃል። ልብስ ሰፊዋ አላለቀሰችም። ላልሠራው ጥፋት አሥራ አንድ ቀን ቀጥታዋለች። ታዝዟት ነበር።

«ሲነግርህ ስቆ ነበር?» አለች።

«ስቆ ነበር።»

ሲሊንደር ጃኬቱ እኔ ጋ ነው፣ ነገ አመጣዋለሁ አለ። አንተው ልበሰው አለችው፤ ግን ቀኝ ትከሻው ስለሚጎትትህ ይዘኸው ናና ላስተካክልልህ። ድምፅዋ ሥራ ላይ የምታወጣው የፋብሪካ ድምፅ ነበር። ልጁ በሩ ድረስ ሄዶ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

በማግስቱ ከፋብሪካ አስፈቅዳ ወጥታ አሥር ሰዓት ላይ መነሻው ጋ ቆመች። ሹፌሩ በሩን ሲከፍት አያት። ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰው ገባ፣ ሰው ወረደ፤ ቦርሳ የያዘ፣ ልጅ ያዘለ፣ ስልኩ ላይ የሚጨቃጨቅ። መንገዱ ድልድዩን ያልፋል፣ በሆስፒታሉ አጥር ይታጠፋል፣ ገበያው ጋ ይንቀረፈፋል፣ ጫፍ ደርሶ ይመለሳል። አንድ ዙር። ሁለተኛ ዙር። ልጇ ያየውን መስኮት እያየች የትኛው ግንብ፣ የትኛው ዛፍ ዐይኑን እንደያዘው ትፈልጋለች።

በሦስተኛው ዙር ከመጨረሻው ፌርማታ ሲነሱ ወደ ባሏ ዘንበል አለች።

«የሳቀው የት ጋ ነው?»

ሹፌሩ ማርሽ ቀየረ። መብራቱ ቀይ ነበርና ቆመ።

«ልዋሽሽ አልችልም» አለ በመጨረሻ። «ዐይኔ መንገድ ላይ ነበር። ከጎኔ ድምፅ ሰማሁ። ሳቅ ነው ብዬ ነው የያዝኩት።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ ጥሩምባ ተነፋ። ሄዱ። ፌርማታው ላይ በሩ ተከፈተ፤ አንዲት ሴትዮ ተሳፍራ አጠገቧ ያለው ቦታ የሰው እንደሆነ ጠየቀቻት። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችላት።