በሹራቤ የገባሁበት ሽርክና

የታሰርኩበት ክፍል ፒያሳ ውስጥ የአንድ የተወረሰ ወርቅ ቤት ጓዳ ነበር። ወርቁ የት እንደደረሰ አላውቅም፤ ለእኛ የደረሰን ሲሚንቶው ነው።

ገና ጥግ ሳልይዝ አንድ ጠና ያሉ እስረኛ ሹራቤን በሁለት ጣታቸው ቆንጠር አድርገው አዩት። አፍንጮ በር ልብስ ሰፊ ነበሩ።

"ጥሩ ክር ነው። እንተርትረው?" አሉኝ።

ደነገጥኩ። ሚስቴ የሠራችልኝ ነው፤ ለብርዱም ሌላ ልብስ አልነበረኝም።

እቅዳቸውን አስረዱኝ። ከመጥረጊያ እንጨት የተሳሉ ኪሮሽ የሚያህሉ ሁለት መርፌዎች አሏቸው፤ ክር የላቸውም። በእኔ ክር ኮፍያ ይሠራሉ፣ እስረኛው በስኳርና በሲጋራ ይገዛል፣ ከገቢው ሲሶው የእኔ ይሆናል።

ሥራዬ ባንክ ቤት የተበዳሪዎችን እቅድ መመርመር ስለነበር አመሌ አልለቀቀኝም።

"ገበያው አስተማማኝ ነው?"

"ደንበኛው ወዴት ይሄዳል ብለህ ነው?"

"እርስዎ ቢፈቱስ?"

"እሱን ኪሳራ እግዜር ያምጣው።"

"ቢወረስስ?"

ሰውየው ጣሪያውን አየት አድርገው፣ "ከነባለቤቱ ተወርሶ የለ እንዴ" አሉ።

እንደ ባንክ ሰው ቢሆን እቅዱን ውድቅ ማድረግ ነበረብኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ።

"ሁለቱ እጅ የእርስዎ ከሆነ የእኔ ቃል ምን ዋጋ አለው?"

"የምወስነው እኔ ነኝ። ስትቃወም ግን እሰማሃለሁ።"

እዚያ የገባሁት በቀበሌ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ "አልስማማም" በማለቴ ነበር። ሹራቤን አወለቅኩ።

የመጀመሪያው ኮፍያ አልቆ ሁለተኛው ሲጀመር አብዮት ጠባቂው ያለቀውን በበሩ አየውና "ይሄ ለእኔ ይሁን" አለ። ኮፍያውን ግን ስኳሩን ከፍሎ የሚጠብቅ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስለው አንድ እስረኛ ነበር። ልብስ ሰፊው ኮፍያውን ለጠባቂው ሊሰጡ እጃቸውን ዘረጉ።

"እቃወማለሁ" አልኩ።

ሰውየው መርፌዎቻቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ፤ ምክንያቴን እስክጨርስ አዳመጡኝ። ከዚያ ለጠባቂው፣ "ጓድ፣ ሸሪኬ አልተስማማም። ተራ ይጠብቁ" አሉት።

ጠባቂው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። "ስንተኛ ነኝ?"

"ስድስተኛ።"

ሄደ። በሩ እስኪዘጋ ማንም አልሳቀም።

ክሩ ሳያልቅ ሰውየው ተፈቱ፤ ድርጅቱም በዚያው ቀን ተዘጋ። በሕይወቴ የተደሰትኩበት ኪሳራ እሱ ብቻ ነው። ሚስቴ ስለ ሹራቡ ዛሬም ትጠይቀኛለች። እኔም ከዚያ ወዲህ በብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ ስቃወም የያዙትን አስቀምጠው የሰሙኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።